ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ ልጅ

ባለፈው የዕረፍት ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዷ እህታችን ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። የተወለደው እዚሁ ነው፣ እናቱ ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች በኋላ። እሷ ኢቃማ የላትም፤ እሷ ከሌላት ደግሞ ለልጁም የለም። አረብኛውን ከሰፈር ልጆች፣ አማርኛውን ከእኛ፣ እንግሊዝኛውን ከስልክ ለቃቅሞ ይናገራል። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ፣ "እማ፣ ቦርሳ የሚገዛልኝ መቼ ነው?" አላት። የጎረቤት ልጆች ጠዋት ጠዋት ቦርሳ አዝለው ሲወጡ በመስኮት ያያቸዋል። እናቱ "ይገዛልሃል" አለችና ወደ ጀበናው ዞረች። እኛም የምንለው ስላልነበረን ሁላችንም ወደ ጀበናው ዞርን።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለመሆኑ እኛን በመሰሉ ሀገሮች የሠራተኛ ሴት ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ያውቃል? ገብቶስ ከሆነ በሩን ማን ከፈተለት? ይሄን ጥያቄ ይዤ የቆየሁበትን ንባብ ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ያለው በቴል አቪቭ ደቡባዊ ሰፈሮች ነው። "ከሀገር ሁሉ እስራኤልን?" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። የጻፍኩት መንግሥትን ለማሞገስ አይደለም፤ ወደ ታች ስትወርዱ ታዩታላችሁ። ነገር ግን ለሥራ የመጣች ሴት ወልዳ ልጇን የመንግሥት ትምህርት ቤት ስታስገባ ምን እንደተከተለ፣ ማን ምን እንደወሰነ፣ በየዓመቱ ተለይቶ የታወቀበት ቦታ ስለሆነ መረጥኩት። ከሰው ታሪክ ለራስ የሚሆነውን መውሰድ ነው።

ሰፈሩ

ቴል አቪቭ ከጥንታዊቷ የወደብ ከተማ ከያፎ ጎን በ1909 የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንደ ብዙ ከተሞች ሀብቱ ወደ አንድ ወገን ሄደ፣ ድህነቱ ወደ ሌላው። ሀብቱ ወደ ሰሜን ነው የሄደው። ደቡቡ፣ ማለትም ኔቬ ሻአናን፣ ሻፒራ እና በዙሪያቸው ያሉት ሰፈሮች፣ ከጥንት ጀምሮ አዲስ ገቢ የሚያርፍባቸው ናቸው። በ1920ዎቹ ከግሪክ ከሳሎኒካ የመጡ፣ ከመካከለኛው እስያ ከቡኻራ የመጡ አይሁዶች እዚያ ቤት ሠሩ። ከዚያ በኋላም ከየአቅጣጫው የመጣ ሁሉ፣ ኪሱ ባዶ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያርፈው ደቡብ ነበር። ትንሽ ገንዘብ ሲይዝ ይወጣል፤ ቤቱን ለሚቀጥለው ይለቃል።

በ1993 ደግሞ ኔቬ ሻአናን ውስጥ አዲሱ ዋና የአውቶቡስ መናኸሪያ ተከፈተ። ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ፣ የገባ ሰው መውጫው የሚጠፋበት ትልቅ ሕንፃ ነው። ጭሱና ጫጫታው የሰፈሩን ነዋሪ አባረረው፤ የቤት ኪራይ ወረደ። ኪራይ የወረደበት ቦታ ማን እንደሚገባ እኛ እናውቃለን።

ሠራተኞቹ

ያው 1993 ሌላም ነገር ያመጣ ዓመት ነው። ከ1967 ጀምሮ የእስራኤልን ሕንፃ የሚገነቡት፣ እርሻውን የሚያርሱት በአብዛኛው ከጋዛና ከዌስት ባንክ በየቀኑ የሚመላለሱ ፍልስጤማውያን ነበሩ። ከመጀመሪያው ኢንቲፋዳ በኋላ በ1993 መንግሥት መንገዱን ዘጋባቸው። ሕንፃው ግን መቆም ነበረበት፤ ቲማቲሙም መለቀም። ስለዚህ ለግንባታ ከሩማንያ፣ ለእርሻ ከታይላንድ፣ አዛውንትና ሕመምተኛ ለመጠበቅ ከፊሊፒንስ ሠራተኛ በብዛት ማስገባት ተጀመረ። አንዱ ድሃ እንጀራው ሲቆረጥ ነው ሌላው ድሃ ቪዛ የተመታለት። ይሄ ነገር በሌሎችም ሀገሮች ያየነው ስለሆነ አልፌዋለሁ።

በዚያው ዘመን ከጋና፣ ከናይጄሪያ፣ ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር የመጡም ነበሩ። እነዚህ አብዛኞቹ በጎብኚ ወይም በተሳላሚ ቪዛ ገብተው የቀሩ ናቸው። ሴቶቹ ቤት እያጸዱ ይኖሩ ነበር። የሰንበት ጸሎታቸውን በደቡብ ቴል አቪቭ ምድር ቤቶችና በተዘጉ መጋዘኖች ውስጥ ያደርሱ ነበር።

የቪዛው ሕግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ያን ጊዜ የሠራተኛው ፈቃድ በአንድ አሠሪ ስም ነበር። ከአሠሪው ቤት ከወጣሽ ወዲያው ሕገወጥ ትሆኚ ነበር። እኛ ከፋላ የምንለው ማለት ነው፤ ስሙ ብቻ ነበር የሚለየው። የሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 ይሄን አሠራር ሰውን በአሠሪው ላይ የሚያስር ነው ብሎ ተቃወመው፤ በዘመናዊ መልክ የመጣ ባርነት እስከማለትም ደረሰ። ክሱን ያቀረቡት የሠራተኞች መብት ድርጅቶች ነበሩ።

በእናቶች ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበር። በሥራ ቪዛ ላይ ያለች ሴት ከወለደች፣ ሦስት ወር ያህል ይሰጣታል። ከዚያ ወይ ልጇን ይዛ ትወጣለች፣ ወይ ልጇን ለዘመድ ልካ ተመልሳ ሥራዋን ትቀጥላለች። ልጇን ይዛ ከቀረች ቪዛዋ ይሰረዛል። እንግዲህ አስቡት፤ የሰው እናት እንድትጠብቅ የተቀጠረች ሴት እናት ስትሆን ወረቀቷን ታጣለች። ብዙዎቹ ልጃቸውን ይዘው ቀሩ። የነዚያ ልጆች ናቸው እንግዲህ በደቡብ ቴል አቪቭ መንገዶች ላይ አድገው ለትምህርት የደረሱት።

ትምህርት ቤቱ

ስሙ ቢያሊክ ሮጎዚን ይባላል። የሁለት ሰዎች ስም ነው። ቢያሊክ በ1934 የሞተ፣ እስራኤላውያን ብሔራዊ ባለቅኔያችን የሚሉት ሰው ነው። ሮጎዚን ደግሞ በጨርቃጨርቅ ሥራ የከበረ አሜሪካዊ ባለሀብት ነው፤ በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገንዘቡ ስለተሠሩ በስሙ ተጠሩ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተዋህደው ከመጀመሪያ ደረጃ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምር አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሆኑ።

ልጆቹ የገቡት በምን ሕግ ነው? በቆየ ሕግ ነው። ሀገሪቱ በ1949 የግዴታ ትምህርት ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ "ልጅ" ይላል እንጂ "የዜጋ ልጅ" አይልም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ ፊሊፒናዊት ሠራተኛ ልጅ አስበው አይመስለኝም። ቃሉ ግን ተጽፎ ተቀምጧል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ የትምህርት ሚኒስቴሩ በመመሪያው ሕጉ የወላጆቹ ወረቀት ምንም ይሁን ምን በሀገሩ ለሚኖር ልጅ ሁሉ እንደሚሠራ ግልጽ አደረገ። የቴል አቪቭ ማዘጋጃ ቤትም ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1999፣ መሲላ የሚባል የውጭ ሀገር ሰዎች መርጃ ጽሕፈት ቤት በደቡቡ ከፍቶ ነበር። እናቶች ልጅ ለማስመዝገብ ሲጨነቁ የሚሄዱት እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ወረቀት የሌላት እናት የመንግሥት ቢሮ ስትገባ ምን እንደሚሰማት የማታውቅ ከመካከላችን የለችም። በር ላይ ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቀኝ ይሆን? ስሜን ሲጽፉ ለፖሊስ ይልኩት ይሆን? በተለይ በ2002 የስደተኞች ፖሊስ የሚባል ክፍል ተቋቁሞ ሰውን ከቤቱና ከአውቶቡስ ማቆሚያ ማፈስ ሲጀምር፣ ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ተባረዋል። በዚያ ፍርሃት መካከል ነው እናቶቹ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ቢሮ የገቡት። ሕጉ በሩን ከፈተ እንላለን እንጂ ደፍረው የገቡት እነሱ ናቸው።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ካረን ታል የምትባል መምህርት የተዋሃደው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆነች። ሞሮኮ የተወለደች፣ ልጅ ሆና ወደ እስራኤል የመጣች ሴት ናት። ከሌላ ሀገር መጥቶ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ ከራሷ ታውቀዋለች። በእሷ ዘመን ትምህርት ቤቱ ቀኑን አራዘመው። ከትምህርት በኋላ ልጁ ምሳውን ይበላል፣ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ ሙዚቃና ስፖርት ይማራል። ለምን? የልጁ እናት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት፤ ልጁ ቤት ቢሄድ የሚያገኘው የተቆለፈ በር ነው። በፈቃዳቸው የሚመጡ ብዙ ሰዎች ልጆቹን አንድ ለአንድ ያስጠኑ ነበር። በዓመቱ መሃል ቋንቋውን ሳያውቅ የመጣ ልጅ ካለ መጀመሪያ ዕብራይስጥ ለብቻው ይማራል፣ ከዚያ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ይቀላቀላል።

በ2010 አካባቢ እዚያ ይማሩ የነበሩት ልጆች ከ48 ሀገሮች የመጡ ወይም ወላጆቻቸው ከነዚያ ሀገሮች የመጡ ነበሩ። ፊሊፒንስ፣ ጋና፣ ኮሎምቢያ፣ ሱዳን፣ ኤርትራ፣ የቀድሞ ሶቪየት ሀገሮች፤ የሀገሩ አይሁዶችና አረቦችም አብረው። ትልልቅ ሆነው የመጡ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የማያውቁ ልጆችም ነበሩ። ከዳርፉር ጦርነት አምልጦ ብቻውን የደረሰ ወጣት፣ በአሥራ ምናምን ዓመቱ ፊደል የሚቆጥር ልጅ፣ ከነሱ ጎን ደግሞ እዚያው ተወልዶ ሌላ ሀገር የማያውቅ የተንከባካቢ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ደወል ይገባሉ። አስተማሪዎቹ ልጁ ዘግይቶ ሲመጣ ከመቆጣታቸው በፊት ቤቱ ምን እንደሆነ መጠየቅ ለመዱ። ብዙ ጊዜ መልሱ "ኪራይ አልተከፈለም" ወይም "እናቴ ተይዛለች" ነበር።

መዝገቡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይሄን ታሪክ እንድጽፍ ያደረገኝም ይሄ ነው።

ልጆቹ አደጉ። ቋንቋው አፋቸው ላይ ነው፤ የእናታቸውን ሀገር በስልክ ብቻ ነው የሚያውቁት። ታዲያ እነዚህን ልጆች ምን እናድርጋቸው የሚለው ጥያቄ ካቢኔው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። በ2005 እና በ2006 መንግሥት የተወሰኑ ልጆች እንዲቆዩ ወሰነ፤ ለልጁ ቋሚ መኖሪያ፣ ለወላጆቹ ጊዜያዊ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በዚያ ውሳኔ ወረቀት አገኙ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

በ2009 ክረምት ደግሞ አዲስ የስደተኞች ፖሊስ ክፍል ሥራ ጀመረ፤ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦችም ይባረራሉ ተባለ። በዚህ ጊዜ ሰፈሩ ዝም አላለም። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። የክፍል ጓደኞቻቸው ወላጆች፣ ዜጎቹ ማለት ነው፣ አብረው ወጡ። መምህራን ወጡ። "ይሄ ልጅ ከልጄ ጋር በአንድ ዴስክ የሚቀመጥ ነው" የሚል ሰው ፊት ባለሥልጣን ለመናገር ይቸገራል። ማባረሩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፣ እንደገና ተላለፈ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2010 ካቢኔው ወሰነ። ጉዳያቸው ከተነሣው 1,200 ገደማ ልጆች 800 ያህሉ ሊቆዩ፣ 400 ያህሉ ከወላጆቻቸው ጋር ሊወጡ ይችላሉ ተባለ።

የሚቆየው ማን ነው? መስፈርቱ ይሄ ነበር። ልጁ በሀገሩ ቢያንስ አምስት ዓመት በተከታታይ የኖረ። እዚያ ካልተወለደ ከ13 ዓመቱ በፊት የገባ። ዕብራይስጥ የሚናገር። ወላጆቹ መጀመሪያ ሲገቡ ሕጋዊ ቪዛ የነበራቸው። ደግሞም ባለፈው ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ፣ ለሚቀጥለው ዓመትም አንደኛ ክፍል ወይም ከዚያ በላይ የተመዘገበ።

የመጨረሻውን መስፈርት እንደገና አንብቡት እህቶቼ። ትምህርት ቤት የተመዘገበ! ያቺ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በፊት እየፈራች ልጇን ያስመዘገበች እናት፣ ልጄ ይማርልኝ ብላ ነው እንጂ አንድ ቀን መዝገቡ ማስረጃ ይሆናል ብላ አልነበረም። ጊዜው ሲደርስ ግን ልጇን "እዚህ ነበረ" ብሎ የመሰከረለት የክፍል አስተማሪው የስም መጥሪያ ነው። ኢቃማ ያልሠራውን የትምህርት ቤት መዝገብ ሠራው። በአንጻሩ ልጁ ገና ሕፃን የሆነ፣ መዋዕለ ሕፃናት ያልደረሰ፣ መዝገብ የለውምና ከመስፈርቱ ውጪ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት በ2011 ሁለት ነገር ሆነ። በየካቲት ወር ስለ ቢያሊክ ሮጎዚን የተሠራ አጭር ዘጋቢ ፊልም ኦስካር አሸነፈ። አሜሪካውያኑ ካረን ጉድማንና ከርክ ሳይመን ናቸው የሠሩት፤ ስሙ "ስትሬንጀርስ ኖ ሞር" ነው፣ "ከእንግዲህ ባዳ አይደሉም" እንደማለት። ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። ያን ጊዜ ግን መስፈርቱን ያላሟሉ የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች መባረርን እየጠበቁ ነበር። ጭብጨባ ወረቀት አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ብዙም አልተጨበጨበለትም፤ ለእኔ ግን ከኦስካሩ ይበልጣል። በሚያዝያ ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሴት ሠራተኛ ስለወለደች ቪዛዋን ማጣት የለባትም፣ በሥራዋና በእናትነቷ መካከል እንድትመርጥ ማስገደድ አይገባም ብሎ ያን የሦስት ወር አሠራር ሻረው። ይሄም የመጣው በክስ ነው። ክሱ የተከፈተው በ2005 ነበር፤ ስድስት ዓመት ፈጀ ማለት ነው። የዘገየ ቢሆንም መጣ።

በሲና የመጡት

ከ2006 ጀምሮ ሌላ ሰው ወደ ሰፈሩ ይገባ ጀመር። በሱዳንና በግብፅ አድርገው፣ የሲናን በረሃ በእግር አቋርጠው የመጡ ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ናቸው፤ ኢትዮጵያውያንም በመካከላቸው ነበሩ። እስከ 2012 ድረስ 60,000 ያህል ሰው ገባ። ስንቱ በረሃ ላይ በደላሎች እጅ እንደተሠቃየ፣ ስንቱ ቤተሰብ ለማስለቀቂያ ቤቱን እንደሸጠ ከመካከላችን ዘመድ የሄደባት ታውቃለች። አብዛኞቹ ከድንበር በአውቶቡስ ተጭነው መናኸሪያው አጠገብ ወረዱ። ያን ጊዜ ሌቪንስኪ የሚባለው መናፈሻ ማደሪያቸው ሆነ። በዚያው መናፈሻ በፈቃደኞች የተቋቋመ የደጅ ቤተ መጻሕፍት ነበረ፤ ከመጻሕፍቱ መካከል የአማርኛም ነበሩበት። ያን ሳነብ ደስ አለኝ፣ አላፍርበትም።

የነዚህ ሰዎች ልጆች ለትምህርት ሲደርሱ በ1949ኙ ሕግ ገቡ። ወላጆቻቸው ግን በሥራ ቪዛ ስላልገቡ የ2010 መስፈርት አይመለከታቸውም። ልጁ ይማራል፣ ወረቀት የለውም፣ ወረቀት የሚያገኝበትም መንገድ የለም።

ከትምህርት ዕድሜ በፊት ያለው ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነበር። ለሕፃናቱ የመንግሥት ማቆያ ስለሌለ እናቶች በጋራ መኖሪያ ክፍሎች ውስጥ በተከፈቱ የግል ማቆያዎች ያስቀምጧቸው ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን ብዙ ሕፃናት ትይዛለች፤ አልጋ ላይ ተኝተው ይውላሉ። በ2015 መጀመሪያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕፃናት በነዚህ ቤቶች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት ገንዘብ መመደብ የጀመረው። ሁልጊዜ ለምን ከቀብር በኋላ እንደሚሆን አላውቅም።

ጎረቤቱም ሁሉ ወዳጅ አልነበረም። ድሃው የሰፈሩ ነዋሪ፣ መንግሥት የማይፈልገውን ሁሉ እኛ ላይ ያራግፋል ብሎ ያማርራል፤ ምሬቱ መሠረት አለው። ምሬቱ የወረደው ግን በመንግሥት ላይ ሳይሆን በስደተኛው ላይ ነው። በሚያዝያ 2012 ሻፒራ ውስጥ የአፍሪካውያን ቤቶችና አንድ የሕፃናት ማቆያ ላይ ሌሊት የቤንዚን ጠርሙስ ተወረወረ። በሚቀጥለው ወር ሰልፍ ወደ ሁከት ተቀይሮ የአፍሪካውያን ሱቆች ተሰባበሩ። በነጋታው ትምህርት ቤቱ እንደወትሮው ደወል ደወለ።

የበሩ ሌላኛው ገጽ

ትምህርት ቤቱን ቅዱስ አድርጌ ልተወው አልፈልግም። በ48 ሀገሮች ልጆች የተሞላ ትምህርት ቤት ሲባል ያምራል። ነገር ግን ጠይቁ፤ ለምን ሁሉም እዚያ ሆኑ? የሰሜኑ ልጆችስ የት ናቸው? ከተማዋ የስደተኛውን ልጅ ትቀበላለች፣ ግን በደቡብ ትቀበላለች። ዓመታት ሲያልፉ በአካባቢው ያሉ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችና መዋዕለ ሕፃናት የውጭ ሀገር ሰዎች ልጆች ብቻ የሚማሩባቸው ሆኑ። በ2021 የጥገኝነት ጠያቂ ወላጆች፣ ልጆቻችን ከሀገሩ ልጆች ተለይተው እንዲማሩ ተደርገዋል ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። አስቡት፤ ከሃያ ዓመት በፊት እናት ቢሮ ለመግባት ትፈራ ነበር። አሁን ከተማዋን ትከሳለች። ይሄ ራሱ ታሪክ ነው።

ሌላም አለ። በ2019 ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠብቀው፣ እዚያው የተወለዱ ልጆች ያሏቸውን ፊሊፒናውያን እናቶች ማሰርና ማባረር ጀመሩ። ተማሪዎች ለጓደኞቻቸው ሰልፍ ወጡ። አንዳንዶቹ ቀሩ፣ አንዳንዶቹ በአውሮፕላን ተጫኑ። ትምህርት ቤት ለልጁ ፊደል፣ ምሳ፣ ጓደኛና ምስክር ይሰጠዋል። የእናቱን ቪዛ ግን አይሰጣትም። ሁለቱን ማምታታት ያሳዝናል፤ ሁለቱን መለየት ደግሞ ይጠቅማል።

ለእኛስ?

እኛ ያለንባቸው ሀገሮች ይሄን የመሰለ ሕግ በአብዛኛው የላቸውም፤ ካላቸውም ወረቀት በሌላት እናት ላይ በሩ ይጠብቃል። የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት የጋብቻ ወረቀት ይጠየቃል፤ ትምህርት ቤት ለመግባት ኢቃማ ይጠየቃል። አንዱ በሌላው ላይ ተቆልፏል። ይሁን እንጂ ባዶ እጃችንን አይደለንም።

የሕፃናት መብቶች ስምምነት የሚባል የዓለም ስምምነት አለ፤ በ1989 የወጣ። ልጅ ሲወለድ ይመዝገብ፣ ትምህርትም ያግኝ ይላል። ሊባኖስ፣ ኩዌትና ዮርዳኖስ በ1991፣ ሳዑዲ በ1996፣ ኤምሬትስ በ1997 ተቀብለውታል። አንዳንዶቹ ገደብ አስገብተውበት ቢሆንም ተቀብለውታል። የ1949ኙ ሕግም እኮ ሃምሳ ዓመት ወረቀት ላይ ተቀምጦ ነው የሠራው። የተጻፈ ነገር የሚጠይቀው ሰው ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ልጅሽ ሀገር አለው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 6 መሠረት እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው። አባቱ ቢሰወር፣ ቢክድ፣ የሌላ ሀገር ሰው ቢሆን አንቺ ብቻሽን ትበቂያለሽ። በ2012 የወጣው የወሳኝ ኩነት አዋጅም ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች የዜጎችን ልደት እንዲመዘግቡ አድርጓል። ቢሮው ውስጥ ፊት የሚነሳ ሰው ሊያጋጥም ይችላል፤ እኔንም አጋጥሞኛል። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።

ሦስተኛ፣ ወረቀት አትጣሉ። የወለድሽበት ሆስፒታል የሰጠሽ ቁራጭ፣ የክትባት ካርድ፣ የግል ትምህርት ከሆነም ደረሰኝ፣ የአስተማሪ ፊርማ ያለበት ደብተር፣ ሁሉንም በፌስታል አድርገሽ አስቀምጪ፣ በስልክም ፎቶ አንሥተሽ ለታመነች እህት ላኪ። የደቡብ ቴል አቪቭ እናቶች የዳኑት ማን እንደሚጠይቃቸው ሳያውቁ በያዙት ወረቀት ነው።

ያ ልጅ እስካሁን ትምህርት ቤት አልገባም። እንዲገባ እየጠየቅን ነው፤ ውጤቱን በሚቀጥለው እትም እንነግራችኋለን። እስከዚያው በማኅበራችን ክፍል በየዕረፍት ቀኑ ሁለት ሰዓት ልጆች ማስተማር ጀምረናል፤ ከመካከላችን አንዷ ሀገር ቤት መምህርት ነበረች። ይሄ ትምህርት ቤት እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን ትልቅ ደብተር ገዝተን፣ በማስመሪያ አስምረን፣ መዝገብ አደረግነው። መጀመሪያ መስመር ላይ የልጁ ስም ከነአባት ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ የእናቱ ስም ተጻፈ። መምህርቷ ስሙን ስትጠራ ምን ማለት እንዳለበት ስላላወቀ ወደ እናቱ ዞሮ አየ።

"'አለሁ' በል" አለችው።

"አለሁ" አለ።